ማንም የማያነሳው ጥሪ

ቪዶሳቫ በአሮጌ ባለቁልፍ ስልኳ ማንም እንዲቀልድባት አትፈቅድም። ልጇ ኔጎቫን ግን ኒሽ ከተማ ስልክ ሻጭ ነውና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጭን ስማርት ስልክ ይዞላት መጣ። ፎቶ ያነሳል፣ በጣት አሻራ ይከፈታል፣ ሰው ሲወድቅ ያውቃል። ሲም ካርዷን ሳያስፈቅድ ነቅሎ አዲሱ ውስጥ ከተተው።

«ይሄን ካልያዝሽ በረዶው ሳይጥል ኒሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያውቃል?»

ቪዶሳቫ ደሟ ፈላ። እዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ገብታለች፤ የምትወጣውም በሬሳ ሳጥን ነው። ይህን ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች።

«እስቲ ጣትሽን አስነኪው፣ እማ።»

አስነካች። ስልኩ እንቢ አለ። የሃምሳ ዓመት የቃሪያ ጥብስና የወተት ባልዲ አሻራዋን ልጦት ኖሯል።

«አላወቀኝም። እኔም አላውቀውም፤ ተገላገልን» አለች።

«ፈጣን ኔትወርክ አለው እኮ።»

«የታለ? እዚህ ሸለቆ የሚደርሰው የአሮጌው ስልክ ኔትወርክ ብቻ ነው። ያንተም ጉረኛ ለመደወል እሱኑ ይለምናል። ደግሞ በየቀኑ ቻርጅ ካላደረጉት ይሞታል፤ የእኔ ሳምንት ይቆያል።»

ኔጎቫን ሥራው ነውና እውነቷን መሆኑን ያውቃል። ሲሙን ግን አልመለሰም።

በማግስቱ ጠዋት ቪዶሳቫ ላሟን ስታልብ ስልኩ ኩሽና ውስጥ ጮኸ። የምትደውለው ከሸለቆው ማዶ የምትኖረው ጓደኛዋ ስታሜንካ ናት። ባሎቻቸው ከሞቱ ወዲህ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሚስድ ኮል ይደራረጋሉ። አንዴ ጠርቶ ሲዘጋ «አለሁ» ማለት ነው። ከተነሳ ግን «ድረሽልኝ» ነው።

በስድስት ወር አንዴ ብቅ የሚለው ኔጎቫን ይህን ከየት ይወቀው? እዚያው አድሮ ነበርና አፈፍ አድርጎ አነሳው። «ሃሎ» ብሎ ሳይጨርስ ተዘጋበት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስታሜንካ በወንድሟ ልጅ ትራክተር ከች አለች። የግራና የቀኝ ጫማዋ የተለያየ ነው፤ በአንድ እጇ የራኪያ አረቄ ጠርሙስ፣ በሌላው መጥረቢያ ይዛለች። ቪዶሳቫን ከነባልዲዋ በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ቆመሻል እንዴ?» አለች እያለከለከች። «በሩን ልሰብር ነው የመጣሁት።»

«ልጄ ነው ያነሳው።»

ስታሜንካ ኔጎቫንን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ስልክ ነጋዴ ሆነህ ስልክ አለማንሳት አታውቅም?»

ኔጎቫን ሳቅ አልመጣለትም። መጥረቢያውን አየ፣ ከዚያ ጫማዎቿን።

«ስወድቅ ያንተ ስልክ ኒሽ ላለኸው ለአንተ ይነግርሃል» አለች ቪዶሳቫ። «የእኔ ለእሷ ይነግራታል። አንተ ከኒሽ እስክትደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት» አለ ቀስ ብሎ። ሲሙን በገዛ እጁ ነቅሎ ወደ አሮጌው መለሰ።

ሰኞ ጠዋት ቪዶሳቫ ለስታሜንካ ሚስድ ኮል ካደረገች በኋላ ወደ ኒሽ የተመለሰውን የልጇን ቁጥር ተጫነች። አንዴ ጠራ። እንዳያነሳው ፈራች። አላነሳም፤ ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ የእሷም ስልክ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

«እሺ፣ አለህ» አለችና ወደ ላሟ ሄደች።