በሐራጅ የማይሸጥ ወንበር

እህቴ እናትዓለም ከአባታችን በጋራ የወረስነውን ቤት የመንገድ ዳር ክፍል ለፀጉር አስተካካይ ያከራየችው እኔን ሳትጠይቅ ነው። ያወቅሁት በሰፈራችን በሹም አቦ ሳልፍ፣ በአባቴ መስኮት ላይ የተለጠፉ የጎረምሶች ፎቶዎች አይቼ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ መስቀል ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ባስተማሩበት ክፍል! በማግስቱ ክስ መሠረትሁ።

ጠበቃ ነኝ። ሌላው ሲቆጣ ይጮሃል፤ እኔ እጽፋለሁ። "ወንድምና እህት እንዴት ይካሰሳሉ?" የሚሉ ሰዎች ደግሞ ያናድዱኛል። እነሱ የሚወዱት ሰላምን አይደለም፣ ዝምታን ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ወንድም፣ ይልቁንም ስንት እህት፣ ርስቱን ተነጥቆ ቀርቷል! ሕግ ለባዕድ ብቻ ከሆነ ምን ይረባናል?

ሕጉ ግልጽ ነው። የጋራ ቤት ያላቸው ሰዎች መስማማት ካቃታቸው ማንኛቸውም ክፍፍል መጠየቅ ይችላሉ። የሚከፈል ከሆነ ይከፈላል፤ የማይከፈል ከሆነ አንዱ የሌላውን ድርሻ ገዝቶ ይጠቀልላል፤ ያም ካልሆነ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ፍርድ ቤት የላከው መሐንዲስ ግቢውን ለክቶ፣ "ጠባብ ነው፣ በሩም አንድ ነው፤ ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ከከተማው መለኪያ በታች ይሆናሉ" አለ። አንዳችን የሌላችንን ድርሻ የመግዛት አቅም የለንም። ቀረ ሐራጅ። ሐራጅ ከወጣ ቤቱ ሐይቁ ዳር ሆቴል ለሚያስፋፋ ባለሀብት እንደሚሄድ፣ እናትዓለምም ከተወለደችበት ቤት እንደምትወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛዋ ወደ አስማሚ ልትመራን ፈለገች፤ እምቢ አልሁ። እናትዓለም ዝም አለች።

የሚያቃጥለኝ ይህ ዝምታዋ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያሰበችውን ታደርጋለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች።

የመጨረሻው ቀጠሮ ሳይደርስ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ተራ ቤታችን ደረሰ። አባታችን ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ማኅበርተኛው በየወሩ በተራ እየደገሰ ይሰበሰባል፣ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል። አባል ሲሞት ወንበሩን ልጁ ይወርሳል፤ አንድ ልጅ። ማናችን እንደወረስን ስላልተነጋገርን ሁለታችንም ተቀመጥን፤ እሷ ከጓዳው በኩል፣ እኔ ከደጁ በኩል።

በማኅበሩ ልማድ "ሙሴ" የሚባሉት መሪው አባ ገብረ ኪዳን ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን በሁለት እጃቸው አነሡ። እንደ ሥርዓቱ ጽዋው ሳይዞር ጠየቁ፦

"ከመካከላችን የተጣላ አለ?"

ከመንገድ ዳሩ ክፍል የፀጉር ማሽኑ ያጓራል።

"ቃለ ሕይወት?" አሉኝ።

"አባ፣ የእኛ ጉዳይ በፍርድ ቤት የተያዘ ነው። ክርክር እንጂ ጠብ አይደለም።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው ልጄ?"

"ክርክር ሥርዓት አለው።"

"እሰይ! እንግዲያስ በሥርዓት የተጣላ አለ?"

ከመሸንቲ የመጡት እትዬ ሸዋዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባ ጽዋውን መልሰው አስቀመጡት።

"እንግዲህ ይጠብቃል። እኛም እንጠብቃለን።"

"ወጡም ይጠብቃል፣ ሆዴ ግን እንጃ" አሉ እትዬ ሸዋዬ።

ደሜ ፈላ። "አባ፣ ይህ ማስገደድ ነው! በረሃብ የመጣ ዕርቅ በሕግ ፊት አይጸናም።"

"ማን አስገደደህ? ደጁ አጠገብህ ነው።"

ብድግ አልሁ። መልሼ ተቀመጥሁ። "አልወጣም። ይህ የአባቴ ወንበር ነው።"

"የእሷስ አባት አይደሉም?"

"እንግዲያው ይከፈል!"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። አባ ገብረ ኪዳን ወንበሬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ጠባብ ነው" አሉ በእርጋታ። "ለሁለት ቢከፈል ከመለኪያ በታች ይሆናል። ቀረ ሐራጅ። አውጣው እስቲ፣ ጨረታውን እኔ እጠራልሃለሁ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የመሐንዲሱን ቃል ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ በሹም አቦ የሚደበቅ ነገር የለም። ያልሳቀችው እናትዓለም ብቻ ነበረች።

"ወንበሩን ይውሰደው" አለች።

ከዚያም ወደ እኔ ዞረች።

"ውሰደው፣ ወንድምዓለም። ቤቱን ግን አትሽጥብኝ። ሌላ መግቢያ የለኝም። እባክህ።"

እናትዓለም "እባክህ" ብላኝ አታውቅም። ያን ሁሉ አንቀጽ የጠቀስሁት ይህችን አንዲት ቃል ፍለጋ ኖሯል። ቢሆንም በቀላሉ አልተረታሁም።

"እታለም፣ ለምን ሳትጠይቂኝ አከራየሽው?"

"ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ።"

"አዎን፣ እምቢ እላለሁ!"

"አየህ?"

"እምቢ ብዬ፣ ተቆጥቼ፣ ማታ እሺ እላለሁ።"

"እሱን ረስቼው" አለች፤ ድምፅዋ የሳቅ ይሁን የለቅሶ አልለየሁም።

ሕጉ ሌላም መንገድ አለው፤ በክሴ ላይ እያወቅሁ ያለፍሁት። የጋራ ባለቤቶች ሳይከፋፈሉ አብረው ለመቆየት መስማማት ይችላሉ፤ ስምምነታቸውን ችሎት ካጸደቀው እንደ ፍርድ ይጸናል። እዚያው ተነጋገርን። የመንገድ ዳሩ ክፍል ለእኔ፣ ጀርባው ለእሷ፤ ደጁና የውኃ ጉድጓዱ የጋራ፤ ፀጉር አስተካካዩ ይቆይ። መሸጥ የፈለገ አስቀድሞ ለሌላው ያቅርብ። ወንበሩን በየዓመቱ እንፈራረቅበት።

"አሁንስ የተጣላ አለ?" አሉ አባ።

"አንድ የምከራከርባት ነጥብ ቀርታኛለች።"

"አንተ ያልተከራከርህ ዕለት እንቀብርሃለን" ብለው ጽዋውን አነሡ።

የቀረችኝን ነጥብ በማግስቱ በገዛ እጄ ጻፍኋት፤ ከሁለቱ አንዳቸው ሌላውን ሳይጠይቁ በግቢው ላይ ምንም ነገር እንዳያደርጉ። ዳኛዋ አነበበችው፣ ሁለታችንንም አየች፣ አጸደቀችው። በሥራዬ እንደዚያች ዐረፍተ ነገር የኮራሁበት የለም።

ያለፈው ማክሰኞ ችሎት ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ።

"ወንድምዓለም፣ የደጁ አምፖል ተቃጥሏል። ልቀይረው?"

"ቀይሪው።"

"ነጭ ነው ቢጫ?"

"እታለም፣ ችሎት እየገባሁ ነው!"

"እሺ፣ እሺ። ደግሞ የጉድጓዱ ገመድ አርጅቷል፤ የሲባጎ ልግዛ ወይስ የናይሎን?"

"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!" ብዬ ጮኽሁ፤ የችሎት ጠባቂው ዞሮ አየኝ።

"ተፈርዶብኝ ነዋ" አለች፤ ከኋላዋ ፀጉር አስተካካዩ ሲስቅ ይሰማኛል። "እና ናይሎን ልበል?"

"እምቢ!" አልኋት።

"እሺ። ማታ እደውላለሁ።"