ከሥዕሉ ላይ የጠፋው ክፍል

መምህርቷን ተማሪዎቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ማስረጃ» ነው የሚሏት። የሒሳብ መረጃ ሥርዓት ለማስተርስ ተማሪዎች የምታስተምረው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ሳምንቱን በየመሥሪያ ቤቱ ሲሠሩ የሚከርሙ ናቸው፤ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ኦዲተር አለ፣ የመድኃኒት አስመጪ ሒሳብ ሹም አለች። ደክሟቸው ይመጣሉ። እሷ ግን አትምራቸውም። አንዱ ተነስቶ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» ያለ እንደሆነ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ «ሲሠራ አይተሃል ወይስ ሲወራ ሰምተሃል? ማስረጃው የታለ?» ትለዋለች።

የትምህርቱ ትልቁ ሥራ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ አልነበረም። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አንድ መሥሪያ ቤት ይሄዳሉ፤ መረጃው ከማን ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ ሒሳብ ላይ እንደሚደርስ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው ያያሉ፤ ያዩትን በሥዕል ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ የተሻለ የሚሉትን ሥርዓት ይነድፋሉ። «ሰዉን ጠይቁት» ትላቸዋለች። «ኮምፒውተሩ አይሸሻችሁም፤ መጀመሪያ ሰዉን።»

በዚያ ዓመት ከቡድኖቹ አንዱ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤትን መረጠ። መሪያቸው ረጅምና ቀጭን፣ ቦርሳው በገመድ የታጨቀ ልጅ ነበር፤ ፕሮጀክተሩ እምቢ ባለ ቁጥር የሚደርስላቸው እሱ ስለሆነ ጓደኞቹ «ኬብል» ይሉታል። የመምህርቷ ታላቅ ወንድም ደግሞ እዚያው መሥሪያ ቤት የቢል ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ነው። ቆጣሪ አንባቢዎች ከየሰፈሩ ጽፈው የሚያመጡትን ንባብ የእሱ ክፍል ሴቶች ወደ ኮምፒውተር ያስገባሉ፣ ያመሳክራሉ፣ የተሳሳተውን ይመልሳሉ። ይህንን ለኬብል አልደበቀችውም።

«ታዲያ ችግር የለውም አይደል መምህር?»

«ምን ችግር አለው? እንደማንም ሰው ጠይቁት።»

እሑድ እንደ ልማዷ ወንድሟ ቤት ለምሳ ሄደች። እሱ ከልጅነቷ ጀምሮ «ትንሿ» ነው የሚላት፤ ፀጉሯ ሸብቶም ትንሿ ናት።

«ትንሿ፣ ልጆችሽ መጡ እኮ!» አላት ገና ከበር። «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው! የእህቴ ተማሪዎች ናቸው ብዬ ሴቶቹን ሥራ አስፈትቼ አንድ ሳናስቀር አስረዳናቸው። ያ ረጅሙማ ሊቀጠር ነው እንዴ የመጣው እስክንል ድረስ ከወንበሩ አልነሳ አለ።»

ሚስቱ ሳቀች፤ መምህርቷም ሳቀች። የዚያን ቀን ወንድሟ በእሷ ምን ያህል እንደሚኮራ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ቡድኖቹ ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቅዳሜ ደረሰ። የኬብል ቡድን የውኃ መሥሪያ ቤቱን የፋይናንስ ኃላፊ ጋብዞ ስለነበር ሰውየው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ኬብል መጀመሪያ ያለውን አሠራር አሳየ። ከቆጣሪ አንባቢው እስከ ሒሳብ መዝገቡ ቀስቶች ይሄዳሉ፤ መሀል ላይ «የቢል ዝግጅት ክፍል» የሚል ሳጥን አለ። ቀጥሎ አዲሱን ሥዕል አወጣ። አንባቢው ንባቡን እዚያው ቆጣሪው አጠገብ በስልኩ ያስገባል፣ ስልኩ ወደ ሥርዓቱ ይልካል፣ ቢሉ ይወጣል። መሀል ላይ ሳጥን የለም።

መምህርቷ ክው አለች። ነገሩ የገባት አሁን ነው።

«እዚህ ጋ የነበረው ክፍል የት ሄደ?»

«አያስፈልግም መምህር» አለ ኬብል፣ ያለ ምንም ክፋት።

«አንባቢው ቢሳሳትስ? ማን ያየዋል?»

«ንባቡ ካለፉት ወራት ጋር ካልተቀራረበ ሥርዓቱ ራሱ አይቀበለውም። ቆጣሪውንም ፎቶ ያነሳል።»

«አንባቢው ሆን ብሎ ቢያጭበረብርስ?»

«ለዚያም ድንገተኛ ቁጥጥር አስገብተናል። የሚቆጣጠረው ከንባብ ጋር ንክኪ የሌለው ሰው ነው። እርስዎ ያስተማሩን ነው።»

ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች። ሌሎቹን ቡድኖች እንዲህ አላፋጠጠቻቸውም። ተማሪዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ የኬብል ግንባር አላበው። እንከን ፍለጋ የገባችበት ጉድጓድ ሁሉ ባዶ ሆነባት። ሥራው ጥሩ ነበር። ስታስተምር ከኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚህ ንጹሕ ሥራ አይታ አታውቅም። ከፍተኛውን ውጤት ሰጠቻቸው።

ሲበተኑ የፋይናንስ ኃላፊው ኮሪደር ላይ ጠበቃት።

«መምህር፣ ይህንን ለቦርዱ ላቀርበው ነው። እንደ ባለሙያ የእርስዎን ሐሳብ እፈልጋለሁ።»

«እኔ አስተያየት መስጠት አይገባኝም። ወንድሜ እዚያ ነው የሚሠራው፤ የሚዘጋው የእሱ ክፍል ነው።»

«ተረድቻለሁ። እንዲፈርሙ አልጠይቅም። ግን ዓይኔን አይተው ይንገሩኝ፤ ልጆቹ የሠሩት ትክክል ነው አይደለም?»

መዋሸት ትችል ነበር። አንድ ቃል ነው፤ «ይቆይ» ብትል ይቆይ ነበር።

«ትክክል ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እሑዶች ሁሉ ወንድሟ ቤት ሄዳለች። በየመንገዱ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች። በር ላይ «ትንሿ መጣች!» ሲል ስትሰማው ለሚቀጥለው እሑድ ታስተላልፈዋለች። ቦርዱ ላይቀበለው ይችላል፣ በጀት ላይኖር ይችላል እያለች ራሷን ታባብላለች። ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጫወታሉ፤ በልታ፣ ጠጥታ ትመለሳለች።

ቦርዱ ተቀበለው። በጀትም ተገኘ። የወንድሟ ክፍል ሲዘጋ እሱን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ከሴቶቹ ቋሚ የሆኑት ወደ ሌላ ክፍል ተበተኑ፤ በኮንትራት የነበሩት ተሰናበቱ።

ማግስቱን ወንድሟ ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጣ። ቢሮዋ ገብቶ አያውቅም ነበር። ወንበር ስባ ብታቀርብለት አልቀመጥ አለ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጆቹ ካቀረቡበት ቀን ጀምሮ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቤቴ በላሽ?»

እንባዋ መጣ፤ እሱ ግን እንባዋን አላየላትም።

«ሥራው ቀረ ብዬ አይደለም። ግምጃ ቤትም ሥራ ነው። ብትነግሪኝ ላስቆመው ነበር መሰለሽ? እኔ ማነኝና! ሴቶቹን ግን አዘጋጃቸው ነበር። ያቺ መንታ የወለደችው፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ጠርተዋት ልሂድ ወይ ብላ አማከረችኝ። ‹የትም አትሂጂ፣ እዚህ እኔ አለሁ› አልኳት። ባለፈው ወር ነው ያልኳት። አፌን ሞልቼ። አንቺ እያወቅሽ።»

«ጋሼ፣ ፈርቼ ነው...»

«ይሁን መምህር» አለና ወጣ። መምህር ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

የመንቶቹን እናት ቤት አፈላልጋ ሄደች። ሴትዮዋ አንዱን ልጅ ታቅፋ በር ላይ ተቀበለቻት፤ ማንነቷን ስትነግራት ግቢ አላለቻትም።

«አለቃችን ስለ እርስዎ ሲያወራ ውሎ ሲያወራ ያመሽ ነበር» አለቻት። «ያ ሌላው ቦታ ሰው ቀጥሯል፤ ጠይቄያለሁ።»

«እኔ የማውቃቸው ቦታዎች አሉ። ልጠይቅልሽ።»

«ይጠይቁ። እምቢ የምልበት አቅም የለኝም።»

መምህርቷ የቀድሞ ተማሪዎቿን አንድ በአንድ ደወለችላቸው። ማንንም ውለታ ጠይቃ የማታውቅ ሴት ተለማመጠች። በመጨረሻ የመድኃኒት አስመጪዋ ሒሳብ ሹም መንታ የወለደችውን በጊዜያዊነት ወሰደቻት። ለሌሎቹ የተገኘ ነገር አልነበረም።

ኬብልን የውኃ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ቀጠረው። አንድ ቅዳሜ ሊያመሰግናት መጥቶ መሀል ላይ ንግግሩ ተቋረጠበት።

«ግምጃ ቤት ዕቃ ላወጣ ስሄድ ወንድምዎን አገኛቸዋለሁ» አለ። «ሰላም ይሉኛል። ሻይ ጠጣ ይሉኛል እንኳን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዴት ነው የምችለው መምህር?»

«እኔም አላውቅም» አለችው። ማስረጃ አልጠየቀችውም።

በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ለአዲሶቹ ተማሪዎች ስትሰጥ አንድ ነገር ጨመረች፤ ከሥዕላቸው ላይ የሥራ ክፍል የሚያጠፉ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ከማቅረባቸው በፊት ሄደው ለዚያ ክፍል ሰዎች በአፋቸው እንዲነግሩ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ «መምህር፣ ይሄ የሒሳብ ትምህርት ነው ወይስ የሽምግልና?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ወንድሟ መጥቶ የደረሰበትን እንዲነግራቸው ለመጠየቅ ቤቱ ሄደች።

«ተማሪ ፊት አንዴ ተናግሬያለሁ፤ ይበቃኛል» አላት፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

ሚስቱ ምሳ አቀረበች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወሩ፤ በዋናነት ያወሩት ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ስትነሳ ወንድሟ እስከ ውጭው በር ሸኛት።

«ሳምንት ልምጣ ጋሼ?»

«ነይ፤ ማን ከለከለሽ?» አለና ታክሲ እስክትይዝ ሳይጠብቅ ወደ ቤት ተመለሰ። እሷ መንገዱ ዳር ብቻዋን ቆማ፣ ከለከለኝ ወይስ ፈቀደልኝ እያለች ታክሲ ጠበቀች።