ያልታሸው ዳቦ

«እኔ የምለው ስለ እንጀራው አይደለም፤ እንጀራውን እድሩ ይችለዋል። እኔ የምለው ያን ዳቦ ነው» አለች ጎረቤትየዋ አሰበች፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ እየተመቻቸች።

የትናየት ቀና አላለችም። እንዳለው የሚባለው ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ኮኪት መንገድ ላይ ጎማ ሲቀይር ልቡ ቀጥ አለችበት፤ ክሪኩን እንደያዘ ነው ያገኙት። በሁለት ቀን ውስጥ የትናየት የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ቀና ባለች ቁጥር ከአንድ አዲስ ለቀስተኛ ጋር እንደ አዲስ ማልቀስ እንዳለባት ነው።

«የቱን ዳቦ?» አለች፣ የቱን እንደሆነ እያወቀች።

«የቱን ትላለች እንዴ! የሶዳውን ነዋ! ነፍሱን ይማረውና ሲሞትለት የኖረውን። ለነገው ሣልስት አንድ ሁለቱን ጋግረሽ ብትቆርሽለት ምን አለበት?»

«ሐዘንተኛ እሳት አጠገብ ይደርሳል?» አለች አንዷ ከግድግዳው ጥግ።

«እሳቱን እኛ እናነዳለን፣ ዱቄቱን እኛ እንነፋለን። እሷ እጇን ብቻ ታግባበት። ያ ዳቦ ያለ እሷ እጅ አይሆንማ!»

አሰበች የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ናት። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ እሷ የወሰነችውን ነገር ለመሻር የሞከረ ሙቀቱ ብቻ ነው፣ እሱም አልተሳካለትም። ሴቶቹ «እውነቷን ነው» አሉ በአንድ ድምፅ።

የትናየት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያለቀሰች መስሏቸው ከንፈር መጠጡላት። እሷ ግን የምታስበው ሌላ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ዳቦ አንድም ቀን ጋግራው አታውቅም።

ነገሩን የጀመረችው ሲስተር ሞሪን ናት። የካላዛር በሽተኞችን ልታክም ከአየርላንድ የመጣች ነርስ ነበረች፤ እንዳለው ደግሞ ሾፌሯ። በላንድክሩዘር ሽንፋና ኮኪት ሲያመላልሳት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አገሯ ዝናብና ስለ እናቷ ዳቦ አወራችው። ዝናቡን ልታሳየው አልቻለችም። ዳቦውን ግን አንድ ቅዳሜ በተከራየችው ግቢ ውስጥ ጋገረችለት። ነጭ ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳ፣ አሬራ፤ አለቀ። እርሾ የለው፣ ማደር የለው። የብረት ድስት ውስጥ ይገባል፣ አናቱ ላይ በቢላዋ መስቀል ይሳልበታል፣ ከታች ፍም፣ ከላይ ፍም። እንዳለው ሊጥ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በሚኮመጥጥበት አገር የኖረ ሰው ነውና ወዲያው ገባው። ይኸ ዳቦ ለመተማ ሙቀት የተፈጠረ ነው፤ በስህተት አየርላንድ ተወለደ እንጂ።

ሲስተር ሞሪን ኮንትራቷን ጨርሳ ስትሄድ ድስቱን ተወችለት። እሱም ከላሜራ ክዳን ቆርጦ ሠራለትና፣ በመጀመሪያው እሑድ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ።

የትናየት ሮጣ በሩን ዘጋች። መጋረጃውንም ሳበች።

«ምነው?» አለ እንዳለው።

«ሰው ቢያይህስ?»

«ዳቦ እኮ ነው የምጋግረው፤ ሰው አልገደልኩም።»

«ብትገድል ይሻል ነበር። ለዚያ እንኳ ሽማግሌ ይላካል።»

ሽታው ግን መጋረጃ አያውቅም። አሰበች ሳታንኳኳ ገባች፣ ሳትጠየቅ ቆረሰች፣ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። «አንቺ የትናየት! ይኸን እጅሽን የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?»

የትናየት ባሏን አየችው። እንዳለው በዱቄት የነጣ እጁን ከጀርባው ደብቆ ያራግፋል። «ባለሙያ ናት እኮ!» አለ፤ ጥቅሻም መረቀላት።

ዳቦው በዚያው የየትናየት ሆኖ ቀረ። በየእሑዱ እንዳለው ይጋግራል፣ እሷ በር ትጠብቃለች። «እየመጣሽ እይ፣ ተማሪው» ይላታል፤ «እኔ ሰው እንዳይመጣ ልይ» ትለዋለች። ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ወደ ድስቱ አድርጋ አሥራ አንድ ዓመት ቆመች። ትምህርቱ የደረሳት በጆሮዋ ብቻ ነው። «አሁን አሬራውን እያፈሰስኩ ነው… አልታሸም ይኸውልሽ፣ ከታሸ ይቀየማል። ማሳደርም የለም፤ እንግዳ ነው፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣው፣ በር ላይ አይቆምም።» በመጨረሻም ዳቦውን ገልብጦ ታችኛውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳና፣ የሰው ግቢ እንደሚገባ ሰው «ቤቶች!» ይላል። ጆሮውን ይለጥፍበታል። ከበሰለ ባዶ ቤት ይመስል ድም ድም ይላል። «አለሁ ብሏል፣ ነይ እንብላ» ይላታል ያኔ።

የቀብሩ ዕለት የእድሩ ጸሐፊ አቶ ፈረደ የሟችን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። ሟች ከሦስተኛ ወደ አራተኛ መንጃ ፈቃድ ያደጉበት ዓመት ተጠቀሰ፣ ልጅ አለመውለዳቸው በአጭሩ ታለፈ፣ ቀጥሎ «ባለቤታቸው የሚጋግሩትን ዳቦ እጅግ አድርገው ይወዱ ነበር» ተባለ። የትናየት ልቅሶዋን ያቋረጠችው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሰው ራሷን የሳተች መስሎት ደገፋት።

በሣልስቱ ጧት ዘጠኝ ሴቶች ከበዋት ቆሙ። ዱቄቱን አፈሰሰች። ጨው። ሶዳው ላይ እጇ ተንጠለጠለ፤ ስንት ነበር? ድምፁን ከጀርባዋ ፈለገችው። «አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ካበዛሽው ሳሙና ነው የምትበይው።» አሬራውን ጨምራ በጣቶቿ ዞር ዞር አደረገችው። እርጥብ፣ ጎርበጥባጣ፣ ያልተስተካከለ ነገር ሆነ። እንዲያ ነበር መሆን ያለበትም።

«ወይኔ እህቴን፣ ክንዷ ዝሏል!» አለች አሰበች። ገፋ አድርጋት ገባችና ሊጡን በሁለት ቡጢዋ ያዘችው። አሸችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አሸችው። ላቧን ጠርጋ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። «አሁን ኩፍ ይበል። አንድ ሰዓት ይረፍ።»

የቀሩት ስምንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያልታሸና ያላረፈ ሊጥ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም።

የትናየት አፏን ከፈተች። ስለዚያ ዳቦ በእርግጠኝነት የምታውቀው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። ግን «ሳይታሽ ዳቦ ይሆናል ብሎ ማን ነገረሽ?» ብትባልስ? አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሊጡም አረፈ፤ ለዘለዓለም።

ድንኳኑ ውስጥ አቶ ፈረደ ዳቦውን ባርከው ለመቁረስ ሲሞክሩ ቢላዋው ጎበጠ። በመጨረሻ በጉልበታቸው ላይ ሰበሩትና ታደለ። ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ካርታቸውን አስቀምጠው፣ ጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ዓይነት ድምፅ እያሰሙ አላመጡ። ማንም አልተፋም። የለቅሶ ቤት ምግብ አይነወርም። አቶ ፈረደ ድርሻቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው በቀሩላቸው አራት ጥርሶች ታገሉና በርኅራኄ ወደ የትናየት ዞሩ።

«አይክፋሽ ልጄ። እጅሽን ሐዘን ወስዶት ነው። ይመለሳል።»

መውጫው ይኸውና ተከፈተላት። «አሜን» ብትል በቂ ነበር። ዳግመኛ ጋግሪ የሚላት አይኖርም፤ ምስጢሩም ባለቤቱ ጋ ይሄዳል። የትናየት እጇ ላይ ያለውን ቁራሽ አየችው። ሰው ሁሉ በእንዳለው ስም ድንጋይ እየበላ ነው።

«አይመለስም» አለች። «የኔ እጅ አልነበረም። የሱ ነበር። እሱ ነበር የሚጋግረው።»

ማላመጡ ቆመ።

«ውኃ!» አለች አሰበች። «ውኃ አምጡላት፣ ሙቀቱ ራሷ ላይ ወጣ!»

«እንዳለው?» አሉ አቶ ፈረደ። «ያ የአይሱዙ ጎማ ብቻውን የሚያወርደው? ተዉአት፣ ያለ ነው። የኔም እናት አባቴ የሞተ ጊዜ ላሟ የወለደችው በሱ ምጥ ነው ልትል ምንም አልቀራት።»

«እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«እውነትሽን ነው እናቴ፣ እውነትሽን ነው» አለች አሰበች፣ ጠበል የሚወሰድ ሰው በሚባበልበት ቃና፤ ውኃውንም አናቷ ላይ አፈሰሰችባት። በር አጠገብ ሌላዋ ጎረቤቷ ዘምዘም ተቀምጣለች። ከብት ያላት፣ ወተትና አሬራ የምትሸጥ ሴት ናት። በጣቶቿ የሆነ ነገር እየቆጠረች ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑ ፈርሶ ሰው ሲበተን ዘምዘም ተመልሳ መጣች። ጆግ ይዛለች።

«ማሌሽ፣ ይቅር በይኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እንዳለው ጨጓራ ነበረበት?»

«እንዳለው? የጧቱን ዳቦ ቢሰጡት እንኳ ፈጭቶ ሌላ የሚጠይቅ ሰው!»

ዘምዘም ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «በየእሑዱ ሁለት ጆግ አሬራ ይወስድ ነበር። ‹ለጨጓራዬ ነው› ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት! ወላሂ በየጁምዓው ለጨጓራው ዱዓ አደርግለት ነበር። ልቡን አልነገረኝም። ያን ሁሉ ዱዓ ጨጓራው ላይ ጨረስኩት።»

የትናየት ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተበላሸና ሌላ ነገር ሆነ፤ ዘምዘም እስኪያልፍ ጠበቀቻት።

ከዚያ ፍም ጫሩ። የትናየት መጋረጃውን ሰብስባ ሚስማር ላይ ሰቀለችው፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተች። ዱቄት፣ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አሬራ። በጣቶቿ ዞር ዞር አድርጋ ተወችው። እጇ ተጨማሪ ማሸት አማረው፤ ከለከለችው። ድስቱ ውስጥ ከተተችውና መስቀሉን ልትስልበት ቢላዋ አነሳች።

«የምትልኩልኝ ዳቦ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚኖረው» አለች ዘምዘም። «‹የትናየት መንገድ ሳለችልሽ፣ ሐጅ የምትሄጂበት› እያለ ነበር የሚሰጠኝ።»

የትናየት ይኸን ሰምታ አታውቅም። አንዱን መስመር ሳለች። የሚያቋርጠውን ግን አልጨመረችም፤ ክዳኑን ገጥማ ፍሙን ደፋችበት።

ሽታው ወደ መንገዱ ወጣ። አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነሰ። አሰበች በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ ቆመች።

የትናየት ዳቦውን በጨርቅ አውጥታ ገለበጠችው። ጣቷን አጠፈች።

«ቤቶች!» አለች ቀስ ብላ፤ አንኳኳች።

ጆሮዋንም ለጠፈችበት። ገና ትኩስ ነበርና ጉንጯን አቃጠላት። ጆሮዋን አላነሳችም።