«እማ» የተከለከለበት ሱቅ

ሐቢባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እልልታውን አቀለጠችው። ዳንግላ ገበያ ዳር ባለው የጨርቅ ሱቋ ውስጥ የቆመችው ደንበኛ ጨርቋ ግማሹ እንደተለካ ደንግጣ ቀረች። ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ ይመኙሽ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«ምን ተገኘ እትዬ ሐቢባ?»

«ተጠሩ! ልጄ ሲሀምና ኢንሳፍ ኤምባሲ ተጠሩ! ለሚቀጥለው ሳምንት!»

እሰይ ነው እንጂ! የሲሀም ባል መርዋን ጀርመን ከገባ አምስት ዓመት አልፎታል። ሲሄድ ልጁ ኢንሳፍ ቆማ መሄድ እንኳ አልጀመረችም። ሕጉ «ሚስትና ልጅህን አምጣ» ይለዋል፤ አማትን ግን አያውቃትም። አይወቃት! ሐቢባ ልጇ ባሏ ዘንድ ደርሳ ብታይ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ያን ቀን ለገበያተኛው ሁሉ ከረሜላ በተነች፤ ለነገረኛው ጎረቤቷ ሳይቀር።

ከሰዓት በኋላ ይመኙሽ ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። «ሕፃኗንም ለብቻዋ ይጠይቋታል አሉ። የእንጅባራ ሰዎች ልጃቸው አንድ ቃል ተሳስቶ ነገሩ ስንት ጊዜ ተጓተተባቸው መሰለዎት!»

«የእኔዋ ምላሷ ምላጭ ነው፤ አትስጊ» አለችና ሐቢባ አጠገቧ የምትጫወተውን ኢንሳፍን አንስታ ባንኮኒው ላይ አቆመቻት። «አባትሽ ማነው?»

«መርዋን!»

«እሰይ የኔ አንበሳ! እናትሽስ?»

«አንቺ!»

ሜትሩ ከሐቢባ እጅ ወደቀ።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ኢንሳፍ፣ ሲሀም እናቷን «እማ» ስትል እየሰማች አደገች። እናም ሐቢባን «እማ»፣ ወላጅ እናቷን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራት «ሲሁ» አለች። በዚህ አገር ስንቱ ልጅ አያቱን እማ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ያድጋል! ማን ጉዳዬ ብሎ! ኤምባሲው ግን «ሲሁ እህትሽ ናት እንዴ?» ብሎ ቢይዛትስ? አለቀ፤ መርዋን እዚያ፣ ሲሀም እዚህ።

«ስሚ» አለቻት ሐቢባ። «ከዛሬ ጀምሮ እማ ሲሀም ናት። እኔን አያቴ በይኝ። እማ ብትይኝ ቪዛው ይበላሻል፤ እኔም አቤት አልልሽም።»

ማለት ቀላል ነው። ጠዋት ልጅቷ «እማ፣ ጫማዬ!» ትላለች፤ ሐቢባ ግድግዳ ታያለች። «እማ፣ ራበኝ!» ሐቢባ ጨርቅ ታጥፋለች። አንድ ቀን ልጅቷ ደጅ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠና «እማ!» ብላ ጮኸች። አቤት የሚለው ቃል ሐቢባ ጉሮሮ ድረስ መጣ። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ዋጠችው።

«ሲሀም! ልጅሽ ትጠራሻለች!»

ሲሀም ሮጣ አነሳቻት። ኢንሳፍ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አያቷን በኩርፊያ አየቻት። ከዚያ ወዲያ እማ ብላ አልጠራቻትም።

እናትና ልጅ አዲስ አበባ ወረዱ። የቀጠሮው ቀን ሐቢባ ሱቅ ከፈተች እንጂ ምን ልትሸጥ! አምስት ሜትር ላለቻት ሦስት ቆርጣ ሰጠች። ስልኩ ጮኸ።

«እማ! ለብቻዋ አስገቧት፤ እናትሽ ማናት ሲሏት...»

ኔትወርኩ ጠፋ። ያ አላህ! አሁን ይጠፋል? ሐቢባ ሱቁን ለይመኙሽ ጥላ፣ አንድ እግር ጫማዋን ደጃፉ ላይ አስቀርታ ወደ አስፋልቱ በረረች። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋባት «ዝም በል አንተ!» ብላ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳችው። ጠራ!

«ሲሀም ናት አለች! እማ፣ ሲሀም ናት አለች! ሌላም እማ አለሽ ወይ ሲሏት ደግሞ ‹ነበረችኝ፤ ለቪዛው ስንል ተውናት› አለቻቸው!»

«ወይ ጉዴ! ጉድ ፈላ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ አስተርጓሚው በሳቅ ሞተ! እኔን አስገብተው ጠየቁኝ፤ እንዳለ ነገርኳቸው። እሱም ‹እኔ ራሴ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ነው ያደግኩት› ብሎ ለጠያቂዋ ፈረንጅ አስረዳልኝ። ሳቀች እኮ፣ እማ! ፈረንጇ ሳቀች!»

ሐቢባ በአንድ ጫማ መሀል አስፋልት ላይ ጨፈረች።

ቪዛው የመጣ ቀን ዳንግላ ጠበበቻት። የጉዞው ዕለትም መናኸሪያው በሸኚ ተሞላ፤ ሲሀም ሳቅና ዕንባዋ ተደባልቆባት ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ትስማለች። ሐቢባ ሻንጣ ታስጭናለች፣ ረዳቱን ትቆጣለች፣ ትቀልዳለች። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ግን የኢንሳፍን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«በይ አሁን ቪዛው መጥቷል። አንዴ እማ በይኝ።»

«አይሆንም፣ አያቴ። ይበላሻል።»

«ወላሂ አይበላሽም።»

ልጅቷ ሹፌሩን አየች፤ ረዳቱን አየች፤ ይመኙሽን አየች። «ኤምባሲ እዚህ የለም?»

«የለም፣ የኔ ዓለም።»

ኢንሳፍ አንገቷን አቅፋ ጆሮዋ ሥር ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «እማ» አለቻት።

«አቤት!» አለች ሐቢባ። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አያት። «አቤት! አቤት! አቤት!»