ሦስት ሴንቲ ሜትር ለእድገት

የምፈልገው ሁለት ሥራ የሚሠራ አንድ ብስክሌት ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነድቼው የእህል ዘር ምርመራ ላቦራቶሪያችን የሚያደርሰኝ፣ እሑድ ደግሞ የሚወዳደር። ሁለት ለመግዛት አቅሙ የለኝም። ለአንዱ እንኳ ስምንት ወር ቆጥቤያለሁ፤ በእነዚያ ስምንት ወራት አንድ ጫማ አለመግዛቴን እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳለች።

ጊዜም አልነበረኝም። የከተማችን የብስክሌት ክለብ ለሴቶች ቡድኑ የሚመርጠው በዓመት አንድ ቀን ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ለብቻ ይነዳል፤ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በታች የገባች ቡድኑ ውስጥ ትመዘገባለች፣ ያልገባች ዓመቱን ትጠብቃለች። ዓምና በአሮጌው ብስክሌቴ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ቤት ውስጥ «በሬው» ነው የምንለው፤ ክብደቱም ፍጥነቱም የበሬ ነው። አሠልጣኟ መጀመሪያ ሰዓቷን፣ ቀጥላ በሬውን አየችና፣ «የቀረው እግርሽ አይደለም፣ እሱ ነው። ለከርሞ የሚሮጥ ነገር ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሠንጠረዥ ሠራሁ። የአራት ብስክሌቶችን ክብደት፣ የማርሻቸውን ብዛት፣ የጎማቸውን ስፋት፣ የጭቃ መከላከያ ማሰሪያ ቀዳዳ ያላቸውንና የሌላቸውን ጻፍኩ። የመጨረሻው ነገር ለውድድር ዋጋ የለውም፤ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጀርባዬ ላይ የጭቃ መስመር አስምሬ ቢሮ መግባት ሰልችቶኛል።

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል ሥራ ቤቱ ስለሆነ ወደ ጓዳ የምናልፈው በተሰቀሉ የደንበኞች ሱሪዎች መካከል ነው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ አንዴ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይዞት ሄዷል።

«ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ብስክሌት እየመረጥኩ ነው አባዬ።»

«የሱን ክብደት ጽፈሻል፣ የጎማውን ስፋት ጽፈሻል። ያንቺ የታለ?»

«የኔ ምን?»

«ልኬትሽ ነዋ! ሰው ልኬቱን ሳያውቅ ይገዛል? ተነሺ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው። የውድድር ብስክሌት እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም የሚወጣው ከእግር ርዝመት ነው። ሱቅ ስደርስ አስለካለሁ ብዬ ትቼው ነበር። አባቴ ከተረከዜ እስከ ብሽሽቴ ሁለት ጊዜ ሜትሩን ሳብ አደረገና አጉረመረመ። ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ቀዶ ሰጠኝ፦ ሰማንያ አንድ።

እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የለካው ቁጥር መዝገብ ላይ አይገባም። አንዷ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ የመጀመሪያዋን ውጤት ሳታይ ደግማ ትቆጥራለች፤ ካልተስማሙ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። አራት ዓመት ሙሉ የማንንም ቁጥር አምኜ አላውቅም። የአባቴን ወረቀት ግን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ካቴና ዘንድ ሄድኩ። እኚህ ሰው ድሮ ይወዳደሩ ነበር፤ አሁን ያገለገሉ ብስክሌቶች እየጠገኑ ይሸጣሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ዋናው መንገድ ላይ ካለው መደብር አንዲት ቀይ አይቻለሁ» አልኳቸው። «አዲስ ናት። ዋጋዋም ይመጥነኛል።»

«አውቃታለሁ። ታምራለች። ከምትከፍዪው ግን ግማሹ ለቀለሙ ነው። ማርሿ ክረምቱን አይሻገርም። ባለሽ ብር አዲስ መጥፎ ከምትገዢ አሮጌ ጥሩ ግዢ። ነይ ወዲህ።»

ሁለት መንታ ብስክሌቶች አሳዩኝ። አንድ ዓይነት ሥሪት፣ አንድ ዓይነት ግራጫ፣ ቀላል የአሉሚኒየም ፍሬም፤ ወፈር ያለ ጎማም ያስገባሉ፣ የጭቃ መከላከያ ቀዳዳም አላቸው።

«የወንድማማቾች ነበሩ» አሉ። «ይሄ የታላቅየው ነው፣ ያ የታናሽየው። ታላቅየው ዘለግ ያለ ነው፣ ታናሽየው እንዳንቺ አጠር ያለ። ሁለቱም አገቡና ተዉት።»

የታላቅየው ተገጣጥሞ ቆሟል። የታናሽየው ጎማም መሪም ሳይኖረው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ቁጥርሽ ስንት ነው?»

«ሰማንያ አንድ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አትመስዪም።»

«አባቴ ነው የለካኝ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል።»

«እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት ጋር አልከራከርም። ሰማንያ አንድ ከሆንሽ ልክሽ የታላቅየው ነው። ቢሆንም ያችን ትንሿን ገጣጥሜልሽ ብትሞክሪያት ጥሩ ነበር። አራት ቀን ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ፈተናው እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው!»

«ከሦስት ሳምንት አራት ቀን ሲቀነስ ብዙ ይተርፋል።»

«እኔ ዛሬ ነው የምፈልገው።»

ግቢያቸው ውስጥ አንድ ዙር ነዳሁት። መሪው ሩቅ ነበር፤ ከመደርደሪያ ጫፍ ዕቃ እንደምታወርድ ሰው ተንጠራራሁ። «ተወጥረሻል» አሉኝ። «እለምደዋለሁ» አልኩና ከፍዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልዋሽም፣ በደስታ ሰክሬ ነበር። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው ደረጃ እወጣለሁ። በበሬው አርባ ደቂቃ የሚፈጅብኝ መንገድ ሃያ ስድስት ሆነ። አባቴ ለገባ ለወጣው ደንበኛ፣ «ልኬቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰውዬ ሳይወድ በግዱ ደጅ ወጥቶ ብስክሌት ያደንቃል።

በስድስተኛው ቀን ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ስደርስ ፍሬኑን መያዜንና አለመያዜን በዓይኔ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ቆሜ እጄን አራገፍኩ፤ መቆም ደግሞ ደቂቃ ይበላል። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ አንድ ሳህን የበቀለ ዘር በወረንጦ እያነሳሁ ቆጠርኩ። ባልደረባዬ ደግማ ስትቆጥር በስድስት ተለያየን። ሌላ ሳህን ብንሞክር በአራት። የወረንጦው ጫፍ ዘሩን መንካቱ አይሰማኝም ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«ምንም። ብስክሌት እየለመድኩ ነው።»

የዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ ደጅ ቆሞ ክር ይሰካ ነበር። ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለብኝም።

«ተመለሺና እንደገና ነድተሽ ነይ» አለኝ።

«ደክሞኛል አባዬ።»

«ነድተሽ ነይ አልኩሽ።»

ነድቼ መጣሁ። ፊቱ ተለውጧል። «ትከሻሽ ይስባል» አለ። «እዚህ ጋ፣ ብብትሽ አጠገብ። ኮት ቢሆን ኖሮ ለደንበኛ አላስረክበውም ነበር። ነይ ግቢ።»

ለካኝ። እንደገና ለካኝ። ከዚያ ሄዶ ደብተሩን አመጣ።

በዚያ ደብተር ውስጥ የራሴ ገጽ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ከላይ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተሰፋልኝ የትምህርት ቤት ሱሪ ልኬት አለ፤ ከሥሩ በየዓመቱ አንድ መስመር፣ እስከ ታች፣ እስከ ሰማንያ አንድ።

«ሰባ ስምንት ነሽ» አለ።

«ሰማንያ አንድ ብለሃል እኮ።»

«ሦስት ጨምሬበት ነው።»

«ለምን?»

«ላንቺ ሁልጊዜ ሦስት እጨምራለሁ። ታድጋለች ብዬ።»

«አባዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ። እጄ ነው ያላወቀው።»

«ለደንበኞችህስ ትጨምራለህ?»

«አብደሻል? ይከሱኛል እኮ!»

እናቴ ከጓዳ፣ «የዚህች ልጅ ሱሪ ለምን መሬት ይጠርጋል ብዬ ሃያ ዓመት ጮህኩ፤ የሚሰማኝ አጣሁ!» አለች።

ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቁጣ ላይ ቀድሞኝ የሚደርስ የለም። ነገር ግን «ተወጥረሻል» የተባልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሰው ሳያስቆጥር ቁጥር የወሰደውም አባቴ አይደለም። አፌን ዘጋሁት።

በማግሥቱ እኔ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አባቴ ደግሞ ታሞ እንኳ የማይዘጋውን ሥራ ቤት ዘጋ። ጋሽ ካቴና ግቢ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። የታናሽየው የለም።

«ከትናንት ወዲያ አንድ አስተማሪ ወሰደው» አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ማለት እርስዎ ነዎት?»

«ሠላሳ ሁለት» አለ አባቴ፣ መሬት መሬት እያየ። «ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ይሄን ማጥበብ አይቻልም?»

«ወንድሜ፣ አሉሚኒየም ነው እኮ!»

«ጨርቅ አለመሆኑንማ አይቻለሁ። የሚነካው የት የት ጋ ነው?»

ጋሽ ካቴና ራሳቸውን አከኩ። «ፍሬሙ አይነካም። መሪውን የሚይዘው አንገት በአጭር ይቀየራል። መሪው ራሱ በጠባብ ይቀየራል። ኮርቻውም ትንሽ ወደፊት ይገፋል።»

«ታዲያ ሦስት ቦታ ይጠባል ማለት ነው» አለ አባቴና ኮቱን አወለቀ።

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው ላዩ ላይ አወጡኝ። አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ምንም የሚወጋ ጨርቅ በሌለበት ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ የኮርቻውን ዘንግ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ጋሽ ካቴና ቁልፋቸውን ይዘው ከወዲያ ቆመዋል።

«ወደፊት አንድ ሴንቲ» አሉ ጋሽ ካቴና።

«ሁለት ይሁን።»

«ሁለት ካደረግነው ጉልበቷን ይጎዳታል።»

«እንግዲያው አንገቱን ያሳጥሩት። ክንዷን አያዩም? ክርኗ ተቆልፏል። ክርን የሚቆለፈው እጅጌ ሲያጥር ነው።»

«ብስክሌት እጅጌ የለውም ሰውዬ!»

«እርስዎ አይታይዎትም እንጂ አለው።»

«እኔ መውረድ እችላለሁ?» አልኩ።

«ዝም በይ» አሉኝ ሁለቱም።

ሁለት አንገት ተሞክሮ ረዘመ። ሦስተኛውን፣ እንደ አውራ ጣት አጭሩን፣ ጋሽ ካቴና ከብሎን ቆርቆሮ ሥር ፈልገው አወጡት። ሲገጥሙት አባቴ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄዶ፣ ሙሽራ እንደሚያይ ሰው አንገቱን አዘንብሎ አየኝ። «ክርንሽን እጠፊ» አለ። አጠፍኩ። «ዘርጊ» አለ። ዘረጋሁ። ስፒሉን ከአፉ አወጣ።

«ልክሽ አይደለም» አሉኝ ጋሽ ካቴና ብሎኑን እያጠበቁ። «ልክሽ ያ የተሸጠው ነበር። ግን ትነጂዋለሽ።»

አሥራ አንድ ቀን ነበረኝ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ መሪውን በተለያየ ቦታ እየያዝኩ ሞከርኩት። በሚቀጥለው ሰኞ የእኔና የባልደረባዬ ቆጠራ ገጠመ። እሷ መዝገቡ ላይ ፈረመች፤ እኔ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድኑ ውስጥ የምገባ መሰለኝ።

የፈተናው ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋሱ ግን ክፉ። ስሄድ ከኋላዬ ገፋኝና ሃያውን ኪሎ ሜትር በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ጨረስኩ። ስመለስ ያው ነፋስ ፊቴን ይዞ ይገፋኛል። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጣቶቼን ጠበቅኋቸው። ነበሩ። ሁሉም። የፍሬኑ ብረት ቅዝቃዜ፣ የመሪው ጨርቅ ስፌት ሁሉ ይሰማኛል። ሳልቆም አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አላስታውስም፤ እግሬ የተቃጠለውንና አንድ ውሻ የጮኸብኝን ብቻ ነው።

አሠልጣኟ ሰዓቷን ፊቴ ላይ ደቀነችው፦ አንድ ሰዓት፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፣ አርባ ስምንት ሰከንድ። አሥራ ሁለት ሰከንድ ተረፈኝ። በሠላሳኛው ኪሎ ሜትር እጅ ለማራገፍ ብቆም ኖሮ የሚያልቅ ጊዜ ነው።

አባቴ ሰዓቱን አላየም። በዙሪያዬ ይዞር ነበር።

«አባዬ፣ ገባሁ እኮ!»

«አየሁ፣ አየሁ። ትከሻሽ አይስብም። የቀኝ ክርንሽ ብቻ አሁንም ትንሽ...»

«አባዬ!»

ያኔ ብቻ ጭንቅላቴን ከነቆቡ ይዞ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ሜትሩ ጉንጬን ቧጨረኝ።

ክለባችን ጨርቁን ይሰጣል እንጂ ማልያውን እያንዳንዷ ራሷ ታሰፋለች። ሰኞ ዕለት አባቴ ሜትሩን ሲያነሳ፣ «በእኛ መሥሪያ ቤት ሕግ ነው የምንሠራው» አልኩት። እሱ ለካኝና የጻፈውን በእጁ ሸፈነ። ቀጥሎ እናቴ ለካችኝ፤ ቁጥሩን እኔ ጻፍኩ። ስናስተያየው ነጥብ አልተለያየም። አባቴ በኩራት እናቴን አያት፤ እናቴ፣ «እኔም እኮ ልሰፋ እችል ነበር» አለች።

ማልያው ዓርብ ደረሰ። ለበስኩትና መስታወት ፊት ቆምኩ። የውድድር ማልያ እንደ ቆዳ ነው የሚለጠፈው፤ ነፋስ እንዳይይዝ። ይሄኛው ወገቡ ላይ በአንድ ጣት ሰፍቷል፣ ርዝመቱም በአንድ ጣት ወርዷል። ቁጥሩን በትክክል ጽፏል፤ መቀሱን ያነሳው ግን ያው እጁ ነው።

«ይስባል?» አለኝ፣ ስፒሉን በአፉ እንደያዘ።

«አይስብም» አልኩት።

ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም።