ከናዳው ሥር የመጡ መልሶች

የዶልዛ ኮረብታ በተናደ በአራተኛው ቀን፣ ጭቃው ሥር የቀሩት ሰዎች በየፎቷቸው ሥር አስተያየት መጻፍ ጀመሩ።

የፌስቡክ ገጹን የከፈተችው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስናቀች ሶርሳ ናት። ሐሳቧ ከናዳው ተርፈው በየአቅጣጫው የተበተኑትን ማፈላለግ ነበር። ከዘመድ እጅ የተገኘውን ጉርድ ፎቶ በስልኳ እያነሳች፣ ስምና ዕድሜ ጽፋ ለጠፈች።

መጀመሪያ የመለሰው አናጢው ባልቻ ነው። «ከትምህርት ቤቱ አጥር አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ታች። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ይሆናል። ልጄም አብራኝ አለች።»

ባልቻ በዕድሜው ስልክ ኖሮት አያውቅም። ጭቃው ውስጥ ሬሳ የሚፈልጉት ቆፋሪዎች አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥረው ቢቆፍሩ፣ አባትና ልጅን እዚያው አገኟቸው። ቀበሯቸው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ። ጠዋት ጠዋት አስናቀች አስተያየቶቹን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ወንዶቹ ይለካሉ። አንዲት ሴትዮ ቦታዋን አሳስታ ጽፋ ኖሮ፣ ከሰዓት በኋላ ስላደከመቻቸው ይቅርታ ጠይቃ አረመች።

የአስናቀች ባል አልታዬ ግን ገጹ ላይ አልነበረም። የናዳው ዕለት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ፎቶው በእጇ ነበር፤ አልለጠፈችውም። ካልለጠፈችው አይመልስም። ካልመለሰ ደግሞ የሆነ ከተማ፣ የሆነ ሆስፒታል ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

በዘጠነኛው ቀን የአልታዬ እናት እማማ ዳንሴ መጥተው ከጭቃው ዳር አጠገቧ ተቀመጡ።

«የሰው ልጅ ሁሉ ሲገኝ የኔን ለምን ትደብቂዋለሽ?» አሉ።

«ይመልሳል ብዬ ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ለጥፊው።»

ለጠፈችው። እማማ ዳንሴ ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ሳይሆን ፊቷን እያዩ ጠበቁ። መልሱ የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አስናቀች ድምፅዋ ሳይለወጥ አነበበችላቸው።

«አስናቄ፣ ድምፅሽ ይሰማኛል። የእናቴም ይሰማኛል። ያልተገኘነው ሁላችን ወደ እናንተ እየቆፈርን ነው። ከተቀመጣችሁበት እንዳትንቀሳቀሱ፤ ደርሰናል።»

እማማ ዳንሴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ለሚመጡት ቦታ ለመስጠት ያህል። ቆፋሪዎቹ ምሳ ሊበሉ ሄደዋል፤ ሜዳው ላይ ሌላ ሰው የለም። ከፊታቸው ጭቃው በአንድ አካፋ ልክ ከፍ አለ። ወደ ጎን ፈሰሰ። ደግሞ ከፍ አለ።