በጋሽ ዘውገ ግንባር ላይ

ምስራ ታየዋለህ ስትል ግን ምን ማለቷ ነው፣ ይሄይስ ያላበውን መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ሪሞቱ እሱ ጋ ቢሆን ሳል ሳል ብሎ፣ እትዬ፣ እስቲ ይቺን እንለፋት ይል ነበር፣ ሪሞቱ ግን እትዬ ሸዋርካብሽ ጉያ ነው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከአሁኑ ወገባቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል፣ ደረሰች፣ የኛ ጀግና የሚወጣባት ደረሰች ይላሉ፣ የኛ ጀግና ማለት እሱ ነው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው፣ የሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ደላላው፣ ከስምንተኛ ክፍል ብን ብሎ የወጣው፣ ልጃቸውን ምስራን ሊያገባ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ የሚልከው። ሽማግሌ። አሁን በምን ፊት።

ቴሌቪዥኑ ላይ አራት ሽበታሞች አሉ፣ ኦርጋኑ ላይ የተደፉት ጋሽ ዘውገ ናቸው፣ የምስራ አባት፣ እዚሁ ከጎኑ ጋቢ ለብሰው ራሳቸውን የሚያዩት። ጉም ባንድ። በደርግ ጊዜ ስም ነበራቸው አሉ፣ ተበትነው ስንት ዘመን ኖረው ባለፈው ወር ለአንድ ቀን ተሰባሰቡ፣ አዳራሽ ተከራዩ፣ ተጫወቱ፣ ይሄይስም ተጋብዞ ሄደ፣ ዘፈኑ ግን አልገባውም፣ እውነቱን ነው፣ ግጥም የለው፣ ትከሻ የሚያነቃንቅ ምት የለው፣ አለቀ ስትል በሌላ በኩል ብቅ ይላል፣ አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት፣ ከጀሞ መርካቶ ትደርሳለህ እኮ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያስረዝሙት ብሎ ሲጠይቃት፣ ሰዓት እላፊ ነዋ አለችው ምስራ፣ ያኔ ማታ አንዴ ከገባህ በሩ ይቆለፋል፣ እስኪነጋ ባንዱም አይወጣ ሰዉም አይወጣ፣ ታዲያ ማን ያስቸኩላቸዋል።

እሱ አስቸኮላቸው።

ኧረ ተው፣ ማስቸኮል አይባልም፣ ማክበር ነው፣ ሰው ሲያከብር ምን ያደርጋል፣ ብር አውጥቶ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ሠርግ ቤት እንደዛ ነው፣ ክትፎ ቤት እንደዛ ነው፣ ያልተሸለመ ሙዚቀኛ ውኃ እንኳን ሳይቀምስ የተሸኘ እንግዳ ማለት ነው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አፉን ዘግቶ ሲቀመጥ ይሄይስ አየና ለጋሽ ዘውገ አፈረላቸው፣ አንድ ሰው እንኳን አይነሳላቸውም እንዴ አለ በሆዱ፣ ድፍን ሁለት መቶ አወጣ፣ አዲሷን፣ ጃኬቱን ሳብ ሳብ አደረገ፣ ምስራ ክንዱን ያዘችው፣ ኮራችብኝ ብሎ እኮ ነው፣ ለካ ተቀመጥ ስትለው ነው። ለካ። ወር ሙሉ ደግሞ ሱቅ ለሱቅ ሲያወራው፣ አማቼን መድረክ ላይ ሸለምኳቸው፣ አዳራሹ ቀለጠ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ጨፈረ፣ ልጆቹም አንተ እኮ ጨዋታ ታውቃለህ ሲሉት፣ ያውቃል፣ እሱ የማያውቀው ጨዋታ የት አለ።

ስክሪኑ ላይ ጣቶች። ያነሳው ፍቃዱ ነው፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው፣ ኮንሰርቱንም እንደ ሠርግ ነው የሠራው፣ ጥግ ላይ ጽጌረዳ ይበተናል፣ ቀይ ልብ ይንሳፈፋል፣ ጣቶቹን ግን አቅርቦ ይዟቸዋል፣ ሁለቱ እጆች የተኳረፉ ነው የሚመስሉት፣ ቅድም ምስራ በጆሮው ነግራዋለች፣ ግራው በአምስት ምት ነው የሚሄደው፣ ቀኙ በሰባት፣ ተራርቀው ተራርቀው መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ፣ ለዛች መገናኛ ነው ዘፈኑ ሁሉ፣ አባዬ በዛ ቁርጥማት በያዘው ጣቱ ዓመት ሙሉ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲለማመዳት ነበር፣ አንዴ ብቻ እስከ መጨረሻዋ ተጫውቼያት ልሙት እያለ። እና ተጫወታት? አላት ይሄይስ። ታየዋለህ። ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ ክፋት ቢኖረው ይሻለው ነበር።

እና ይሰማዋል። ገና አሁን፣ በዚች ድምጿ በሳሳ ቴሌቪዥን፣ ከደጅ ሀብተ ጊዮርጊስ ሀብተ ጊዮርጊስ እያለ የታክሲ ረዳት እየጮኸ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ የቱ ካንዴላ እንደሞተ የሚናገር ጆሮ አዳራሹ ውስጥ የት ሄዶ ነበር፣ ራሱን ሲያዳምጥ ነበራ፣ ጃኬቱን፣ አረማመዱን፣ ሁለቱ እጆች እየተቀራረቡ ነው፣ ከበሮ መቺው ጋሽ ጃፋር አንገታቸውን አስግገው ከጋሽ ዘውገ ጣት ዓይናቸውን አይነቅሉም፣ ሊገናኙ ነው፣ ትንሽ ናት የቀረችው፣ አንተ ልጅ ተቀመጥ ይለዋል በሆዱ ስክሪኑ ላይ ያለውን ራሱን፣ በእናትህ ተቀመጥ።

አይቀመጥም። የመድረኩን ደረጃ ይወጣል፣ እየተንጎራደደ፣ ብሯን ሊያረጥባት ምላሱን ያወጣል፣ ፍቃዱ ደግሞ ላሳምርልህ ብሎ በስሎው ሞሽን አድርጎታል፣ ምላሱ እንደ በሬ ምላስ ቀስ ብላ ወጥታ ቀስ ብላ ትገባለች፣ ከዛ እጁ፣ ከዛ ግንባራቸው፣ ለጠፍ፣ ብሯ አዘንብላ ዓይናቸውን ትሸፍናለች፣ ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁ ግን አልጠበቀውም፣ ድምፁ ይሰበራል፣ ቀኝ እጅ መንገድ ጠፍቶበት ይቆማል፣ ግራው ትንሽ ብቻውን ይሄዳል፣ ጋሽ ጃፋር ሊይዟቸው ይሞክራሉ፣ ሁለቴ፣ ጊታሩ ዝም፣ ቤዙ ዝም፣ ሰዉ አለቀ ብሎ ያጨበጭባል፣ ምን ያድርጉ ጋሽ ጃፋር፣ ወደ ጭፈራ ምት ያዞሩታል፣ አዳራሹ ይነሳል። ቀለጠ ያለው ይሄንን ነው። ጋሽ ጃፋር ከበሮውን እንኳን በነጋታው በቃኝ ብለው ሲሸጡ ገዢ ያገናኘው ማን ሆነና፣ ራሱ ነው፣ ለምን ሊሸጡት ፈለጉ ብሎ ሳይጠይቅ፣ እየሳቀ፣ እያስማማ።

እልል ይላሉ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ ወደ ኋላ ይመልሱታል፣ እንደገና ምላስ፣ እንደገና ለጠፍ፣ እንደገና ስብርብር፣ ሰው ማክበር የሚያውቅ እንዲህ ነው፣ ዘውገ አየህልኝ?

«አየሁ እንጂ» ይላሉ ጋሽ ዘውገ። «እግዜር ይስጠው። ጥሩ ልጅ ነው።»

ቢሰድቡት ምን ነበረበት። ጋሼ ይቅርታ ልበል፣ ምን ብዬ፣ ሴትዮዋ እልልታቸውን መልሰው ይዋጡት፣ ከበሮው የለ፣ አዳራሹ የለ፣ ይቅርታ የሚባለው የሚመለስ ነገር ሲኖር አይደል እንዴ፣ ስክሪኑ ላይ ያ ቂል እጁን ወደ ሰዉ እያወዛወዘ ይወርዳል፣ ማየት አቃተው፣ ዓይኑን ጣል ያደርጋል፣ ወደ ወንበሩ የክንድ መደገፊያ።

ጣቶቹ እየሄዱ ነው። የጋሽ ዘውገ ጣቶች፣ እንጨቱ ላይ፣ ግራው በራሱ ቀኙ በራሱ፣ ፊታቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ ጭፈራውን ያያሉ፣ እጃቸው ግን ጭፈራው ውስጥ የለም፣ ከተሰበረበት ነው የያዙት፣ ከዛው፣ ድምፅ የለም ግን ለይሄይስ ይሰማዋል፣ እየተቀራረቡ ነው፣ እትዬ ግን ያወራሉ፣ ምስራ ለስላሳ ትከፍታለች፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ማንም አላየም፣ አንድ ሰው እንኳን አላየላቸውም፣

«እስቲ ዝም በሉ» ይላል፣ ቆሟል፣ መቼ ተነሳ። «ጋሼ እየተጫወቱ ነው። አልጨረሱም።»

ሁሉም ይዞራል። ወደ እጃቸው። ጣቶቹ ቀጥ ይላሉ፣ ጋሽ ዘውገ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ፈገግ ብለው ሁለቱንም እጅ ጋቢው ውስጥ ይከታሉ፣ ኧረ ምንም አይደለም፣ ልማድ ነው፣ እትዬ ይስቃሉ፣ ይሄ ልጅ እኮ ቀልደኛ ነው።

ደገመው። አሁንም ለማክበር።

ይቀመጣል። እጆቹን ጭኑ ስር ይቀብራል፣ ምስራ ምን ሆነሃል ትለዋለች በዓይኗ፣ ምንም፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው ይጨፍራል፣ የጋሽ ዘውገ ጋቢ ደግሞ ከደረታቸው ዝቅ ብሎ ትንሽ የተነቃነቀ መሰለው፣ ትንፋሻቸው ይሆናል፣ ወይ ጣታቸው፣ አይጠይቅም፣ አያሳይም፣ ለምስራም አይነግራት፣ እንዲያውም ወደዛ አያይም፣ ግድግዳውን ያያል፣ ቢያልቅም አያጨበጭብም።